የባቡሩ መስመር በየት በኩል ይለፍ?

አዲስ አበባ ውስጥ ለገሃር የሚባል ሠፈር አለ። ስሙን ብዙ ሰው ያውቀዋል፤ ትርጉሙን የሚያውቀው ግን ጥቂት ነው። ቃሉ የመጣው ከፈረንሳይኛ ነው። «ላ ጋር» ማለት በፈረንሳይኛ የባቡር ጣቢያ ማለት ነው። ከጅቡቲ የተነሣው ሐዲድ በ1909 ዓ.ም አዲስ አበባ ሲደርስ ጣቢያው በዚያ አካባቢ ሆነ። ሰዉም ስሙን ለአፉ እንደሚመቸው አድርጎ ለገሃር አለው።

ከለገሃር ይልቅ የሚገርመው ግን የድሬዳዋ ነገር ነው። መጀመሪያ የታሰበው ሐዲዱን ወደ ሐረር ለማውጣት ነበር። ሐረር ያን ጊዜ ታላቅ የንግድ ከተማ ነበረች። ታዲያ ተራራው አስቸገረ፤ ወጪውም በዛ። ስለዚህ በ1895 ዓ.ም ጣቢያው ከተራራው ግርጌ በሜዳው ላይ ተተከለ። ጣቢያው ሲተከል ነጋዴው ወደዚያው ወረደ። ከነጋዴው ኋላ ተሸካሚው፣ አናጢው፣ እንጀራ ሻጯ መጡ። መንደር ሆነ፤ ከዚያም ከተማ ሆነ። ዛሬ ድሬዳዋ በሕዝብ ብዛት ከሐረር ትበልጣለች። አንድ ጣቢያ ከተማ ወለደ ማለት ነው።

ይህን ያነሣንበት ምክንያት አለን። ሰው ብዙ ጊዜ «ከተማ ሲሰፋ ባቡር ይከተላል» ብሎ ያስባል። ነገሩ ግን በተገላቢጦሽም ይሠራል። ባቡሩ በሄደበት ከተማው ይከተላል። እንግዲህ መስመሩ የት እንደሚያልፍና ጣቢያው የት እንደሚቆም የሚወስን ሰው የሐዲድ ነገር ብቻ አይደለም የሚወስነው። ማን ቅርብ፣ ማን ሩቅ እንደሚኖር፣ የማን ማሳ ቤት እንደሚሠራበትና የማን ማሳ ማሳ ሆኖ እንደሚቀር አብሮ ይወስናል።

በመጀመሪያ የከተማ ባቡር ምን እንደሆነ እንይ። ይህ ባቡር አገር አቋርጦ የሚሄደው ዓይነት አይደለም። በአንድ ከተማ ውስጥ ከዳር ወደ መሀል፣ ከመሀል ወደ ዳር ሰው የሚያመላልስ፣ በኤሌክትሪክ የሚሄድ ባቡር ነው። ፈጣን የሚያሰኘው ሩጫው ብቻ አይደለም። ዋናው ነገር የራሱ መንገድ ያለው መሆኑ ነው። አውቶቡስና ታክሲ ከጭነት መኪናው፣ ከጋሪው፣ ከእግረኛው ጋር ተጋፍተው ይሄዳሉ። አንዱ ሲቆም ሁሉም ይቆማል። ባቡሩ ግን በሐዲዱ ላይ ብቻውን ነው።

ሌላው ጥቅሙ ብዙ ሰው መጫኑ ነው። በአዲስ አበባ የምትመላለሰው ሚኒባስ ታክሲ 12 ያህል ሰው ታስቀምጣለች። አንድ የከተማ ባቡር ቆመው የሚሄዱትን ጨምሮ 300 ገደማ ሰው ይጭናል እንበል። 300ን ለ12 ስናካፍል 25 ይመጣል። አንድ ባቡር 25 ታክሲ የሚያነሣውን ሰው ያነሣል ማለት ነው። 25 ታክሲ በአንድ ጊዜ መንገድ ላይ ቢሰለፍ ምን ያህል ቦታ እንደሚይዝ መገመት አያስቸግርም።

ታዲያ መስመሩን የሚያወጡት ሰዎች ከምን ይጀምራሉ?

መስኖ የምታለሙ ገበሬዎች ይህን ከማንም በተሻለ ትረዱታላችሁ። ዋናውን ቦይ ከመቅደዳችሁ በፊት መሬቱን ዞራችሁ ታያላችሁ። ውኃው ከየት ይነሣል? ማሳው የት ነው? መሬቱ የት ላይ ያዘቀዝቃል? ዛሬ ያልታረሰው፣ ለከርሞ ግን የሚታረሰው መሬትስ የቱ ነው? ዋናው ቦይ አንድ ጊዜ ከተቀደደ በኋላ ቦታውን መለወጥ ትልቅ ድካም ነው። የባቡር መስመርም እንደዚሁ ነው። በቦዩ ፈንታ ሐዲድ፣ በውኃው ፈንታ ሰው ነው። ልዩነቱ ሰው ጠዋት ወደ መሀል፣ ማታ ወደ ዳር መፍሰሱ ነው።

ስለዚህ ፕላን አውጪዎቹ ሰው ይቆጥራሉ። በየሠፈሩ ስንት ሰው እንደሚኖር፣ ጠዋት ወዴት እንደሚሄድ፣ በምን እንደሚሄድ፣ ስንት ሰዓት እንደሚፈጅበት ይጠይቃሉ። ከዚያ የሚከብደው ይመጣል፤ ከ10 እና ከ20 ዓመት በኋላ ስንት ሰው እንደሚኖር መገመት አለባቸው። ዛሬ ጤፍ የሚዘራበት ሜዳ ያን ጊዜ አሥር ሺህ ቤት ይሠራበት ይሆናል። የመሬቱም አቀማመጥ ይታያል። የብረት መንኮራኩር በብረት ሐዲድ ላይ ስለሚንሸራተት ባቡር ቀጥ ያለ ዳገት አይወጣም። ወንዝ ካለ ድልድይ ይጠይቃል። ሰው የሰፈረበት ካለ ማፍረስን ያመጣል።

ጣቢያው የት ይቁም የሚለው ጥያቄ ደግሞ ራሱን የቻለ ነው። ጣቢያ ቢበዛ ሰው ሁሉ ቅርብ ይሆናል። ይህ መልካም ነው። ነገር ግን ባቡሩ በየጣቢያው ሲቀንስ፣ ሲቆምና እንደገና ሲነሣ ጊዜ ይሄዳል። አንዱ ማቆሚያ አንድ ደቂቃ ብቻ ያዘገያል ብንል እንኳ 20 ጣቢያ ያለበት መንገድ 20 ደቂቃ ይበላል። ከዳር የሚመጣው ሠራተኛ ደግሞ እነዚህን ሁሉ ማቆሚያዎች ተቀምጦ መቁጠር አለበት። ጣቢያ ቢያንስ ደግሞ ባቡሩ ይፈጥናል፤ ሰው ግን ጣቢያው ለመድረስ ረጅም መንገድ በእግሩ ይሄዳል። ሽማግሌው፣ ነፍሰ ጡሯ፣ ዕቃ የተሸከመው ይቸገራል።

ሰው በእግሩ ምን ያህል ቢሄድ አይሰለችም? ብዙ አገሮች የተቀበሉት ልክ ከ500 እስከ 1,000 ሜትር ባለው ውስጥ ነው። 600 ሜትር ብንወስድ የ10 ደቂቃ ያህል እርምጃ ነው። እንግዲህ ጎጆ ስትቀልሱ መሀሉ ላይ ችካል ተክላችሁ፣ ገመድ አስራችሁ፣ ገመዱን ወጥራችሁ ዙሪያውን እንደምትመትሩት አስቡ። ጣቢያው ችካሉ ነው። ገመዱ 600 ሜትር ነው። በዚያ ክብ ውስጥ የሚገባው መሬት 113 ሄክታር ይሆናል፤ በድሮው አለካክ ወደ ሦስት ጋሻ የሚጠጋ ነው። ጣቢያውን በእግር የሚጠቀመው በዚህ ክብ ውስጥ ያለው ሰው ነው። ከክቡ ውጪ ላለው አውቶቡስ ወይም ታክሲ ወደ ጣቢያው ማምጣት ያስፈልጋል። ይኼም ዋናውን ቦይ የሚመግቡ ትንንሽ ቦዮችን እንደማውጣት ነው። ክቡ ውስጥ ብዙ ቤት፣ ትምህርት ቤትና ገበያ ካለ ጣቢያው ይሠራል። ክቡ ውስጥ አጥርና መጋዘን ብቻ ካለ ግን ጣቢያው ባዶውን ይቆማል።

አሁን ሩቅ አገር ሄደን አንድ ምሳሌ እንይ። በሰሜን አውሮፓ ዴንማርክ የምትባል አገር አለች። ዋና ከተማዋ ኮፐንሃገን ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1947 የኮፐንሃገን ፕላን አውጪዎች ከተማቸው ወደ ፊት እንዴት እንደሚሰፋ የሚያሳይ ካርታ ሣሉ። ካርታው የሰው እጅ ይመስላል።

እስቲ እናንተም እጃችሁን ዘርጉ፤ ጣታችሁን ክፈቱ። መዳፋችሁ የድሮው ከተማ ነው። ጣቶቻችሁ የባቡር መስመሮች ናቸው። አዲስ ቤት የሚሠራው በጣቶቹ ላይ በየጣቢያው አጠገብ ነው። በጣቶቹ መካከል ያለው ክፍት ቦታስ? እርሻና ደን ሆኖ ይቆያል። ኮፐንሃገኖች ይህን ፕላን «የጣት ፕላን» ብለው ጠሩት።

የዚህ አሳብ ብልሃቱ እዚህ ላይ ነው። ከተማ ካልተገራ በነጠላ ላይ እንደፈሰሰ ዘይት ወደ ሁሉም አቅጣጫ ይሰፋል። ሁሉንም ያዳርሳል፤ ለማንም ግን አይመችም። ቤቱ እዚህም እዚያም ስለሚበተን ባቡር አምጥቶ ለሁሉ ማዳረስ አይቻልም። በጣት ላይ ሲሰፋ ግን ቤቱ በመስመር ይሰበሰባል። ባቡሩ ሰው ያገኛል፤ ሰውም ባቡር ያገኛል። እርሻውም በሁለት ጣት መካከል መተንፈሻ ያገኛል።

አንደኛው ጣት በደቡብ ምዕራብ በኩል የባሕሩን ዳር ይዞ የሚሄድ ነው። በዚያ በኩል ሐዲዱ በአንድ ጊዜ አልተዘረጋም። የመጀመሪያው ክፍል እ.ኤ.አ. በ1972 ተከፈተ። ከዚያ ቤቱ እየበዛ ሲሄድ ሐዲዱም እየረዘመ ሄዶ በ1983 መጨረሻው ደረሰ። ቦታው ግን ከብዙ ዓመት በፊት በካርታ ላይ ተከልሎ ይጠብቅ ነበር። ይህን ልብ በሉልን። ሐዲዱን ለመዘርጋት ገንዘብ እስኪገኝ መቆየት ይቻላል። የሐዲዱን መንገድ መከለል ግን አይቆይም፤ ቤት ከተሠራበት በኋላ ማስለቀቁ እጥፍ ድርብ ገንዘብና እንባ ይጠይቃልና። ኮፐንሃገንም ቢሆን ሁሉ ነገር እንደ ካርታው ሆነላት አንልም። በጣቶቹ መካከል ሾልከው የገቡ ቤቶችና መንገዶች አሉ። ይሁን እንጂ ከ70 ዓመት በኋላም የእጁ ቅርጽ በካርታ ላይ ይታያል።

ወደ አገራችን እንመለስ። የአዲስ አበባ የከተማ ባቡር ሥራው በ2004 ዓ.ም ተጀመረ። የመጀመሪያው መስመር በመስከረም 2008 ዓ.ም፣ ሁለተኛው በጥቅምት 2008 ዓ.ም ሥራ ጀመሩ። ወጪው 475 ሚሊዮን የአሜሪካ ዶላር ያህል ነበር። አብዛኛው ገንዘብ ከቻይና የተገኘ ብድር ነው።

አንደኛው መስመር በምሥራቅ ከአያት ተነሥቶ በምዕራብ ጦር ኃይሎች ይደርሳል። ሌላው በሰሜን ከምኒልክ አደባባይ ተነሥቶ በደቡብ ቃሊቲ ይደርሳል። ሁለቱ መሀል ከተማ ላይ ተገናኝተው አንድ ሐዲድ ይጋራሉ። አንድ ላይ ሲደመሩ ወደ 34 ኪሎ ሜትር ይሆናሉ። ሲከፈት 39 ጣቢያ ነበረው። ዋጋውም ያን ጊዜ እንደ መንገዱ ርዝመት ከ2 ብር እስከ 6 ብር ነበር። ለድሃው የሚስማማ ዋጋ ነው። ሰውም በደስታ ተቀበለው፤ ባቡሩ ጢም ብሎ ይሄድ ጀመር።

አሁን እጃችሁን እንደገና ዘርጉና ከአዲስ አበባ ጋር አስተያዩት። ባቡሩ አራት ጣት አለው። ቤቱስ በእነዚህ ጣቶች ላይ ነው የተሠራው? በከፊል አዎ። በአያት በኩል ብዙ የጋራ መኖሪያ ቤት አለ፤ ነዋሪው ባቡሩን አግኝቷል። ነገር ግን ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ መንግሥት ያሠራቸው ሰፋፊ የኮንዶሚኒየም ሠፈሮች ብዙዎቹ ከመስመሩ ርቀው ነው የሚገኙት። ጀሞ በደቡብ ምዕራብ ነው፤ የከተማው ባቡር ሲሠራ ወደዚያ አልሄደም። ቱሉ ዲምቱና ኮዬ ፈጬ በደቡብ ምሥራቅ ናቸው፤ ሐዲዱ ቃሊቲ ላይ ቆመ። በእነዚህ ሠፈሮች ዕጣ የደረሰው ሰው ቤት አገኘ፤ ጎህ ሳይቀድ ተነሥቶ ታክሲ ለመያዝ መሰለፍንም አብሮ አገኘ። ቤቱ በአንድ በኩል፣ ባቡሩ በሌላ በኩል ተሠሩ ማለት ነው። ቤት የሚያሠራውና ሐዲድ የሚዘረጋው ወገን አንድ ካርታ ይዘው ቢነሡ ኖሮ ይህ ባልሆነ ነበር ብለን እናምናለን።

ሌላም እንጨምር። በ2009 ዓ.ም የተመረቀው አዲሱ የአዲስ አበባ ጅቡቲ ባቡር የመንገደኛ ጣቢያው ከከተማው ዳር ለቡ በሚባለው ቦታ ሆነ። የከተማው ባቡር ግን እዚያ አይደርስም። ከድሬዳዋ ዕቃውን ተሸክሞ የመጣ ሰው ከአንዱ ባቡር ወርዶ ወደ ሌላው ባቡር በመሻገር ፈንታ ታክሲ ፍለጋ ይወጣል። ድሮ ለገሃር መሀል ከተማ ነበር እኮ!

በምሥራቁ መስመር ሌላ ችግር ታየ። ሐዲዱ በሰፊው አውራ ጎዳና መሀል በመሬት ላይ ተዘረጋና በግራና በቀኝ ታጠረ። ማዶ ለማዶ የሚተያዩ ሠፈሮች ተለያዩ። ቀድሞ መንገዱን ተሻግሮ ዳቦ ይገዛ የነበረ ሰው መሻገሪያ እስኪያገኝ ረጅም መንገድ መዞር ግድ ሆነበት። አንዳንዱም አጥሩን ዘለለ። ይህም አደጋ አለው። በድልድይ ላይ በተሠራው ክፍል ይህ ችግር የለም፤ ድልድይ ግን ውድ ነው። መሐንዲሱ በገንዘብና በሰው እግር መካከል ይመርጣል ማለት ነው።

ባቡሩ ከተከፈተ በኋላ ያለውን በአጭሩ እንናገር። የኤሌክትሪክ መቋረጥ አስቸገረው። መለዋወጫ ዕቃ ከውጭ አገር በውጭ ምንዛሪ ስለሚገዛ ቶሎ አልተገኘም። ከትኬት የተሰበሰበው ገንዘብም ወጪውን አልሸፈነም። መጀመሪያ 41 ባቡሮች ነበሩ፤ በ2015 ዓ.ም ይሠሩ የነበሩት ግን ጥቂቶቹ ብቻ ነበሩ። በሬ የገዛ ሰው መኖውን ካላሰበ በሬው አያርስለትም። ፕላን ሲወጣ የሐዲዱ ዋጋ ብቻ ሳይሆን የየዓመቱ መኖም መቆጠር ነበረበት።

አሁን ወደ ገበሬው እንምጣ። ይህን ጽሑፍ ከምታነቡት መካከል በትልልቅ ከተሞች ዙሪያ የምታርሱ ትኖራላችሁ። ነገሩ ለእናንተ የሩቅ ወሬ አይደለም።

በአገራችን መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው። ከተማ ሲሰፋ ወይም ሐዲድ ሲያልፍ ገበሬው ይለቅቃል፤ ካሳ ይከፈለዋል። ካሳው የሚታሰበው ግን በመሬቱ ዋጋ አይደለም። በ1997 ዓ.ም የወጣው አዋጅ ቋሚ የእርሻ መሬቱን ለሚለቅ ገበሬ ያለፉት አምስት ዓመታት አማካይ የዓመት ገቢው በ10 ተባዝቶ እንዲከፈለው አዘዘ። በ2012 ዓ.ም መጀመሪያ የወጣው አዋጅ ይህን አሻሽሎ ካለፉት ሦስት ዓመታት ከፍተኛው ገቢ ተወስዶ በ15 እንዲባዛ አደረገ። አንድ ገበሬ ከማሳው በዓመት 40,000 ብር አገኘ እንበል። በፊተኛው ስሌት 400,000 ብር፣ በኋለኛው 600,000 ብር ይሆናል። ልዩነቱ ቀላል አይደለም።

ሆኖም አንድ ነገር ሳይቆጠር ይቀራል። ጣቢያ ሲተከል በአጠገቡ ያለው መሬት ይወደዳል። ትናንት ጤፍ ይዘራበት የነበረው ቦታ ነገ ሱቅና ፎቅ ይሠራበታል። ያ ጭማሪ ከጣቢያው የመጣ ነው፤ ገበሬው ግን በጤፉ ልክ ተከፍሎት ሄዷል። ልጁ ደግሞ በዚያው መሬት ላይ በተሠራው ቤት ዘበኛ ሆኖ ይቀጠር ይሆናል። ይህ ተገቢ ነው ብለን አናምንም። ለምሳሌ ያህል ለለቀቀው ገበሬ በጣቢያው አጠገብ የቤት ወይም የሱቅ ቦታ መስጠት ቢቻል ከጭማሪው ተካፋይ ይሆናል።

ገበሬው ሳይጠየቅ የሚወጣ ፕላን ምን እንደሚያመጣ አገራችን አይታለች። አዲስ አበባንና በዙሪያዋ ያለውን የኦሮሚያ መሬት አንድ ላይ የሚያቅደው ማስተር ፕላን በ2006 ዓ.ም ይፋ ሲሆን ብዙ ሕዝብ መሬታችን ሊወሰድ ነው ብሎ ተነሣ። በ2008 ዓ.ም ተቃውሞው በረታ። ብዙ ሰው ሞተ። ፕላኑም በጥር 2008 ዓ.ም ተሰረዘ። መንገድና ባቡር አያስፈልግም ብሎ የተነሣ ሰው ነበር ማለት ይከብዳል። ጥያቄው የእኔ ማሳስ ምን ይሆናል የሚል ነበር።

ስለዚህ ቀያሾች መለኪያቸውን ይዘው ወደ ቀዬአችሁ ቢመጡ፣ ችካልም ሲተክሉ ብታዩ፣ ችካሉን መንቀል አይጠቅምም። ቀበሌው ካርታውን እንዲያሳያችሁ ጠይቁ። ዛሬ ማንበብ ትችላላችሁ፤ ካርታም ይነበባል። ሐዲዱ የሚያልፍበትን ቀጭን መስመር ፈልጉ። ቀጥሎ ጣቢያውን ፈልጉ፤ ገመዱን በዓይነ ሕሊናችሁ ወጥሩና ቤታችሁ በክቡ ውስጥ ይሁን ውጪ እዩ። የሚለቀቀው ማሳ የሐዲዱ ስፋት ብቻ ነው ወይስ በዙሪያው ለቤትም የተከለለ አለ ብላችሁ ጠይቁ። የሦስቱን ዓመት ምርት በኩንታል ጽፋችሁ አስቀምጡ፤ ካሳ ሲሰላ የጽሑፍ ማስረጃ ያለው ሰው ቃሉ ይሰማለታል።

መሻገሪያውንም አትርሱ። ቤታችሁ በዚህ፣ የውኃ ጉድጓዱ ወይም የግጦሹ መሬት በዚያ ማዶ ከሆነ ሐዲዱ ከታጠረ በኋላ ከብቶቹ በየት ያልፋሉ? በአዲሱ የጅቡቲ መስመር ላይ ብዙ ከብት በባቡር ተገጭቷል፤ ገበሬው ከብቱን አጣ፤ ባቡሩም ቆሞ ዋለ። ከሐዲዱ ሥር የሚያልፍ አንድ መተላለፊያ በካርታው ላይ ለመጨመር የሚያስፈልገው እርሳስ ነው፤ ሐዲዱ ከተዘረጋ በኋላ ግን መሬቱን መቆፈር፣ ባቡሩን ማቆምና እንደገና በጀት መጠየቅ ያስፈልጋል።